የ1960ው ሰባተኛ ጨዋታ፦ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ስለ ፒትስበርግ ፓይሬትስና ኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ዋንጫ ፍልሚያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤዝቦል ገብቶኝ አያውቅም። ባጭሩ ምን ሆነ?
ጥቅምት 13 ቀን 1960፣ ፒትስበርግ፣ ፎርብስ ፊልድ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ሦስት ለሦስት ነበሩ። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር 9 ለ 9 ሳሉ የፓይሬትሱ ቢል ማዜሮስኪ የራልፍ ቴሪን ሁለተኛ ኳስ በግራው አጥር ላይ አሻገራት። ሆም ራን፣ ማለትም መቺው አራቱንም ቤዝ (በሜዳው ማዕዘኖች ያሉ ማረፊያዎች) ዞሮ ነጥብ የሚያስገባበት ምት! 10 ለ 9፣ አለቀ። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ከ36 ነበር።

ጥያቄ፦ ያንኪሶች በሰባቱ ጨዋታ 55 ነጥብ አስቆጥረዋል፣ ፓይሬትስ 27። ታዲያ እንዴት ተሸነፉ?
ነጥቡ አይጠራቀምማ! ያንኪሶች ሲያሸንፉ 16 ለ 3፣ 10 ለ 0፣ 12 ለ 0 ነው። ፓይሬትሶች ደግሞ 6 ለ 4፣ 3 ለ 2፣ 5 ለ 2 እያሉ ሾለኩ።

ጥያቄ፦ ጉሮሮውን የተመታው ሰውዬ ነገር እውነት ነው?
እውነት ነው። ስምንተኛው ዙር፣ ያንኪስ 7 ለ 4 እየመራ። አንድ የፓይሬትስ ተጫዋች መጀመሪያው ቤዝ ላይ ሳለ ጓደኛው ቢል ቨርደን ኳሷን መሬት ለመሬት ላካት። ሁለት ሰው በአንዴ የምታስወጣ ቀላል ኳስ ነበረች። የያንኪሱ ቶኒ ኩቤክ ሊይዛት ሲል ድንገት ነጥራ ጉሮሮው ላይ አረፈች። እሱ ከሜዳ ወጣ፣ ፓይሬትሶች ግን ሁለቱም ቤዝ ላይ ቀሩ። ቀጥሎ ዲክ ግሮት መታ፣ 7 ለ 5። ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ (ሦስት ሲወጡ የቡድኑ ተራ ያበቃል) ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ደካማ ኳስ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በኩል ላከ። የያንኪሱ ስኮውረን ያዛት፣ ግን ለማን ይወርውራት? ወርዋሪው ጂም ኮትስ ቤዙን ሊሸፍን አልደረሰም። 7 ለ 6። ከዚያ ሃል ስሚዝ ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ሆም ራን! 9 ለ 7።

ለእኔ የዕለቱ ትልቅ ምት የስሚዝ ናት። ያንኪሶች በዘጠነኛው ዙር እኩል ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነበር። ምስኪን።

ጥያቄ፦ እንዴት እኩል ሆኑ?
በሚኪ ማንትል ብልጠት። በራሱ ምት 9 ለ 8 ሆነ። ከዚያ እሱ መጀመሪያው ቤዝ ላይ፣ ጓደኛው ሦስተኛው ላይ ሳሉ ዮጊ ቤራ ኳሷን ለፓይሬትሱ የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂ ሮኪ ኔልሰን መታለት። ኔልሰን ቤዙን ረግጦ ቤራን አስወጣ። ማንትል ወደ ሁለተኛው አልሮጠም፤ ወደ ኋላ ተወርውሮ ከኔልሰን እጅ ሥር ቤዙን ያዘ። ጓደኛውም ገባ፣ 9 ለ 9። ማንትል ነጥቧ ከመግባቷ በፊት ተነክቶ ቢሆን ሦስተኛው ወጪ ሆኖ ጨዋታው ያኔውኑ ያበቃ ነበር።

ጥያቄ፦ አሰልጣኙ ጥፋት አለበት?
እንዴታ! የያንኪሱ አሰልጣኝ ኬሲ ስቴንግል ወርዋሪውን ዋይቲ ፎርድን ለሦስተኛው ጨዋታ አቆየው። ፎርድ በሦስተኛውና በስድስተኛው ፓይሬትሶች አንድም ነጥብ እንዲያስቆጥሩ አልፈቀደም፤ ለሰባተኛው ግን ክንዱ ገና አላረፈም። ስቴንግል በዚያው ሰሞን ተባረረ።

ጥያቄ፦ ጨዋታው የተቀረጸበት ፊልም አለ?
አለ። የፓይሬትስ ባለድርሻ የነበረው ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ ነርቩ አልቻለምና ፓሪስ ሆኖ በሬዲዮ ሰማው፤ ቅጂ ግን አስቀርቶ ነበር። በ2009 ከቤቱ ምድር ቤት ተገኘ።

ጥያቄ፦ ኮከብ ተጫዋች ማዜሮስኪ ነው አይደል?
አይደለም። የያንኪሱ ቦቢ ሪቻርድሰን ነው፤ በእሱ ምት 12 ነጥብ ገብቷል። ከተሸናፊ ቡድን የተመረጠ ሌላ የለም።