ጥያቄና መልስ፦ መስቀል የሌለበት ጀበና ዓለማዊ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሸክላ ሥራ ቤት አለን። ሙያውን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እኔ ዕቃውን አበጃለሁ። እሱ ጭቃውን ያዘጋጃል፣ ያቃጥላል፣ ይሸጣል። ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ስንሠራ ቆይተን በቅርቡ መስቀልና ጥቅስ ያለባቸው ስኒዎችና የሻማ ማስቀመጫዎች ጀመርን። ማስታወቂያችን ላይም «ቤትዎን የሚባርኩ ዕቃዎች» ብለን ጻፍን። ሰው በጣም ወደደው። በሸክላ ሠሪነታችን ሲያሽሟጥጡን የነበሩትም መስቀሉን ካዩ ወዲህ አከበሩን። አሁን ባለቤቴ «ጀበናውንና ድስቱን እንተወው፣ ዓለማዊ ሥራ ነው፤ በመንፈሳዊ ዕቃ ብቻ እግዚአብሔርን እናገልግል» ይላል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ያልተቀበለው በከንቱ አይደለም። ስለ ጸሎት፣ ስለ በዓላትና ስለ አሥራት አልጽፍልሽም፤ እነዚህን እንደምትጠብቁ አምናለሁ። ባለቤትሽ ያለው ነገር ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። ይህን ሐሳብ ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁና።

ልብስ ሰፊው ነጠላ ላይ መስቀል ሲጠልፍ «አገለገልኩ» ይላል። የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ግን «ይሄ ለእንጀራዬ ነው» ይላል። ባለታክሲው የቅዱሱን ሥዕል ከፊቱ ይለጥፋል፤ የተሳፋሪውን መልስ ሲያስቀር ግን ሥዕሉ ትዝ አይለውም። ኑሯችንን ለሁለት ከፍለነዋል። መስቀል ያለበትን ለእግዚአብሔር ሰጠን፣ የቀረውን ለራሳችን አስቀረን። ከዚያ የቀረው ነገር ውስጥ እግዚአብሔር ምን አገባው ማለት ይመጣል። አደጋው እዚህ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ገበሬው አለ፣ ማኅተም ቀራጩ አለ፣ ብረት ሠሪው የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እያከሰለው አለ። ከእነርሱ ቀጥሎ ሸክላ ሠሪው ይመጣል። መንኮራኩሩን በእግሩ ያዞራል፣ ጭቃውን በክንዱ ያበጃል፣ ምድጃውን ለማጽዳት ይተጋል። (የእኛ እናቶች መንኮራኩር እንኳ የላቸውም፤ ሁሉም በእጃቸው ነው።) እነዚህ ሰዎች በሸንጎ አይቀመጡም፣ ፍርድም አይሰጡም ይላል ሲራክ። ግን ያለ እነርሱ ከተማ ከተማ አይሆንም። ጸሎታቸውም በእጃቸው ሥራ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በዪ። ሲራክ ሸክላ ሠሪው በዕቃው ላይ ምን እንደሳለ አልነገረንም። የነገረን ሥራውን አሳምሮ ለመጨረስ ልቡን እንደሰጠ ነው።

ከአዲስ ኪዳን ደግሞ እንደ እናንተ አብረው የሚሠሩ ባልና ሚስት ላሳያችሁ። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ እነርሱ ዘንድ ተቀምጦ አብሯቸው ይሠራ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። የሰፉት ተራ ድንኳን ነው። መንገደኛም ነጋዴም ገዝቶ ያድርበታል። ኋላ በኤፌሶን ግን በቤታቸው ምእመናን ይሰበሰቡ ነበር፤ አጵሎስን የሚያህል ሊቅም የእግዚአብሔርን መንገድ ከእነርሱ ተምሯል። ድንኳኑን ትታችሁ ወደ መንፈሳዊ ሥራ ኑ ያላቸው የለም።

ታዲያ የሸክላ ሠሪ ጸሎት ምንድን ነው? አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አፈሩ በደንብ ተወቅጦ ካልተነፋ ውስጡ የቀረው ጠጠር እሳት ላይ ጉድ ይሠራል። የተፈጨው ገል በልኩ ካልገባ፣ ዕቃውም ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በጭቃ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ አጥቁሮ መሸጥ ይቻላል። ገዢው ገበያ ላይ አያውቀውም። የሚያውቀው ጀበናው ከሰል ላይ ሲሰነጠቅና የፈላው ቡና አጠገቡ የተቀመጠ ሕፃን ላይ ሲፈስ ነው። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» (ምሳ. 11፥1) የሚለው ቃል የእህልና የቅቤ ነጋዴውን ብቻ አይመለከትም። ያቺን የነቃች ጀበና ለይታችሁ ወደ ጎን ስታስቀምጡ፣ የልፋታችሁን ዋጋ ስታጡባት፣ ማንም ሳያያችሁ እግዚአብሔርን አገለገላችሁ። መስቀል የታተመባት ሆና ብትሸጧት ደግሞ በደሉ ይብሳል፤ ገዢው ያመናችሁ መስቀሉን አይቶ ነውና።

መስቀል ያለበት ዕቃ መሥራት ክልክል ነው አላልኩም። የሻማ ማስቀመጫው መልካም ነው፤ ቤት ውስጥ ለጸሎት የሚያነሣሣ ዕቃ ማየት ያስደስተኛል። ስኒው ላይ ግን አስቡበት። ስኒ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ገሉ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፣ ይረገጣል። መስቀሉን ክብር በሚያገኝበት ቦታ አድርጉት።

በማስታወቂያችሁ ቃል ላይ ግን ጠንከር እላለሁ፤ አትቀየሙኝ። «ቤትዎን የሚባርኩ ዕቃዎች» የሚለው ልክ አይደለም። የምትሸጡት ሸክላ ነው። በረከት የእግዚአብሔር ነው፤ ዋጋ ተለጥፎበት አይሸጥም። ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በጠየቀ ጊዜ ጴጥሮስ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ (ሐዋ. 8፥20)። በክፋት እንዳልጻፋችሁት አውቃለሁ። ግን አንዲት ምስኪን እናት ቤቷ ሰላም አጥቶ ያንን ቃል አምና ብትገዛችሁስ? ከእናንተ ዘንድ ምን ይዛ ሄደች?

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። ጀበናውን ሊተው የፈለገው ዓለማዊ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ስድቡ አድክሞት ይሆናል። መስቀሉ ሲታተም ስድቡ ቆመ። ማን ይፈርድበታል? በአገራችን ሸክላ ሠሪ የተሸከመውን ነቀፌታ እኔም አውቃለሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እስከ ዛሬ «ቡዳ ናቸው» የሚል ክርስቲያን አለ። አንገቱ ላይ ማዕተብ አስሮ! ይህ ወሬ ከቅዱሳት መጻሕፍት አልመጣም። ከሐዋርያትም ከአባቶችም አልተቀበልነውም። ወንድምን ያለ ጥፋቱ መወንጀል ነው፣ ኃጢአት ነው፤ ንስሐ ያስፈልገዋል።

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔርን ሲጠራ «እኛ ጭቃ ነን አንተም ሠሪያችን ነህ» አለ (ኢሳ. 64፥8)። ለፈጣሪ የሸክላ ሠሪን ሙያ ሲሰጥ አላፈረም። ጌታችንንም የአገሩ ሰዎች «ጸራቢ» ብለው ናቁት (ማር. 6፥3)። ወንድሜ፣ የተሰደብክበት ሙያ ይህ ነው። የሚሰድቡህን ዝም ለማሰኘት መስቀሉን መከለያ አታድርገው። መስቀሉን አይተው ዝም ያሉት ሰዎች አንተን ገና አላከበሩህም። አክብረውህ ቢሆን ጀበናህንም ባከበሩ ነበር። ሚስትህ ደግሞ ያንን ጀበና ከእናቷ እጅ ነው የተቀበለችው። «ዓለማዊ ነው፣ እንተወው» ስትላት ምን እንደሚሰማት ጠይቃት።

ይህን የምታነቡ ሌሎችም አንድ ነገር ስሙኝ። የቀጨኔ እናቶች የአዲስ አበባን ጀበናና ምጣድ ሲሠሩ ኖረዋል። በየገጠሩም እንደ እነርሱ ያሉ ብዙ እናቶች አሉ። የጽዋ ማኅበራችሁ ጠላ የሚጠመቀው እነርሱ በሠሩት ጋን ነው። በጋኑ ዘክራችሁ የሠራችውን ሴት ከማኅበራችሁ ካራቃችሁ፣ ዝክሩ ምን ረባችሁ? ጥሯት። አብራችሁ ብሉ።

እህቴ፣ ጀበናውንም ድስቱንም ምጣዱንም ሥሩ። ጭቃውን ከመርገጣችሁ በፊት አብራችሁ ጸልዩ። የማስታወቂያውን ቃል ዛሬውኑ አንሡት፤ «በእጅ የተሠራ፣ በእሳት የተፈተነ» ብትሉ ይበቃል። የነቁትን ዕቃዎች ለአበባ መትከያ በርካሽ ሽጡ፤ ስንጥቁንም ለገዢው አሳዩት። ገቢው ቢቀንስና ብትጨነቁ ለብቻችሁ አትያዙት፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ባለቤትሽ በዚህ መልስ ካልተስማማ እሱ ራሱ ይጻፍልኝ፤ ደስ ብሎኝ እመልስለታለሁ።