ሎግ ወይስ ሊኒየር? የዋጋ ቻርት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የዶላርን ምንዛሪ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንድ ቻርት ሳየው የዚያን ጊዜው ለውጥ ጭራሽ አይታይም። ዳታው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ዳታው ልክ ነው፤ ስኬሉ (የዋጋ ዘንጉ አከፋፈል) ሊኒየር ስለሆነ ነው። ሊኒየር እኩል የብር ልዩነትን፣ ሎግ (ሎጋሪዝሚክ) ደግሞ እኩል የመቶኛ ለውጥን በእኩል ርቀት ይስላል። በ1992 ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ ልዩነቱ 2.93 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የንግድ ባንክ መግዣ ከ57.48 ወደ 74.73 ዘለለ፤ 17.25 ብር ማለት ነው። ሊኒየር ብሩን ብቻ ስለሚቆጥር የኋለኛውን ስድስት እጥፍ ገደማ አርዝሞ ይስለዋል። በመቶኛ ሲሰላ ግን የፊተኛው 142 ገደማ፣ የኋለኛው 30 ነው። ሎግ ላይ የ1992ቱ ዝላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁልጊዜ ሎግ ልጠቀም?

መልስ፦ አይደለም። በምታዩት ጊዜ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ዋጋ ለዝቅተኛው አካፍሉት። ውጤቱ ከ1.5 በታች ከሆነ ልዩነቱ እምብዛም ስለማይታይ ሊኒየር ይበቃል። ከ3 ካለፈ እኔ ያለ ሎግ አላየውም። ጥያቄያችሁ «ስንት ብር ይጨምርብኛል?» ከሆነ ግን ሊኒየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ያሰመርኩት ትሬንድላይን (የዋጋውን አቅጣጫ የሚያሳይ መስመር) ሊኒየር ላይ ተሰብሯል፣ ማለትም ዋጋው አልፎት ወርዷል፣ ሎግ ላይ ግን አልተሰበረም። የቱን ልመን?

መልስ፦ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉ። መስመሩ በሁለቱ ስኬሎች አንድ መስመር አይደለም። ከ100 ተነስቶ በሁለት ዓመት 400 የሚደርስ መስመር አስምሩ፦ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሊኒየር ላይ 250፣ ሎግ ላይ 200 ያሳያል። ወደ ሦስተኛው ዓመት ሲቀጥል ሊኒየሩ 550፣ ሎጉ 800 ይደርሳል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ 650 ላይ ያለ ዋጋ በአንዱ ከመስመሩ በላይ፣ በሌላው በታች ነው። ስኬሉን ከማስመራችሁ በፊት ምረጡ፤ ከቀየራችሁ መስመሩን አጥፍታችሁ እንደገና አስምሩ። የፈለጋችሁትን መልስ እስክታገኙ ስኬል መቀያየር ትንተና አይባልም። ቻርት ለሌላ ሰው ስትልኩም ስኬሉን ጻፉበት።

ጥያቄ፦ እንደ ሙቪንግ አቬሬጅ (የቅርብ ጊዜ ዋጋዎች አማካይ) እና አርኤስአይ (የዋጋ ንቅናቄ ብርታት መለኪያ) ያሉትስ ይቀየራሉ?

መልስ፦ ቁጥራቸው አይቀየርም፤ ከዋጋው እንጂ ከስዕሉ አይሰሉም።

ጥያቄ፦ ሎግ ውድቀትን አያሳንስም?

መልስ፦ በዓይን ሲታይ ሊያሳንስ ይችላል። ቢትኮይን በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ 20,000 ዶላር ተጠግቶ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ 3,200 ገደማ ወረደ፤ ከ80 ከመቶ በላይ ጠፋ። የብዙ ዓመት ሎግ ቻርት ላይ ግን ቀድሞ ከነበረው ጭማሪ አጠገብ ትንሽ ጎድጓዳ ይመስላል። የውድቀቱን መቶኛ ለብቻው አስሉት፤ 80 ከመቶ የወደቀ ዋጋ ለመመለስ 400 ከመቶ መጨመር አለበት።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ላይ ሎግ ስመርጥ ቻርቱ ግማሹ ባዶ ይሆናል።

መልስ፦ መነሻው ቤዝ 10 ስለሆነ ዘንጉን ከ1፣ 10፣ 100፣ 1000 ጋር ያስማማዋል። ቋሚውን ዘንግ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ የዘንግ ማስተካከያውን ክፈቱ፤ ሎጋሪዝሚኩን ምረጡ፤ ለዶላሩ ቻርት ቤዙን 2፣ ዝቅተኛውን 2፣ ከፍተኛውን 256 አድርጉ። ያኔ እያንዳንዱ አግድም መስመር እጥፍ ማለት ይሆናል። ትሬዲንግቪው የተባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ አልትና ኤል (Alt+L) አብሮ መጫን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሎግ ጨርሶ የማይሠራበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ ዜሮና ከዜሮ በታች ሎግ የላቸውም። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የሜይ ወር ውል በርሜሉ −37.63 ዶላር ላይ ዘጋ፤ ያን ቀን ሎግ ቻርት ሊስለው አይችልም። ትርፍና ኪሳራችሁን የምትከታተሉበት ቻርትም በዚሁ ምክንያት ሊኒየር መሆን አለበት።