አነስተኛ ታብሌት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ በአነስተኛ በጀት

እህታችን፣ ጥያቄዎ የሰባተኛ ክፍል ልጅዎ ትምህርቱን በፒዲኤፍ እንዲያነብበት መርካቶ ያዩትን ባለ 7 ኢንች አዲስ ታብሌት ይግዙ ወይስ ጥቂት ጨምረው ያገለገለ ሳምሰንግ ይፈልጉ የሚል ነው። ሁለቱም ዓይነት በቤቴ አገልግለዋልና ያገለገለውን እመርጥልዎታለሁ። ዋጋ አልጠቅስም፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አልረጋ ስላለ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ያሳስትዎታል።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፊደሉ መጠን ነው ብዬ አምናለሁ። ከትምህርት ቤት በቴሌግራም የሚላከው ማስታወሻና መልመጃ አብዛኛውን ጊዜ በኤ4 ወረቀት ልክ፣ ማለትም በ21 ሴንቲ ሜትር ወርድ የተሰናዳ ነው። የተለመደው ባለ 7 ኢንች፣ 1024 በ600 ፒክስል ስክሪን ግን ቆሞ ሲያዝ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በ12 ፎንት የተጻፈው ወደ 5 ፎንት ገደማ ያንሳል። በዚያ መጠን «ቱ»ን ከ«ቲ» የምትለየው ትንሽ ሰረዝ መሃል ላይ ትሁን ታች በዓይን አትያዝም። ልጄ በዚህ ዓይነቱ ታብሌት የአማርኛ ምንባብ ስታነብ በየመስመሩ በሁለት ጣት እያሰፋች ገጹን ወዲያና ወዲህ ትጎትት ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን ያን ያህል አልተቸገረችም። የውጭ አገር ገምጋሚዎች ይህን ጉዳይ የማያነሡትም ለዚህ ይመስለኛል። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7 ላይት ስክሪን 8.7 ኢንች ሲሆን፣ በአግድም ሲያዝ ወርዱ 19 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ግማሽ የሚጠጋው የወረቀቱ ክፍል ከሞላ ጎደል በትክክለኛ መጠኑ ይነበባል፣ ቀሪው ወደ ላይ ሲገፋ ይመጣል። ሱቅ ሲሄዱ የልጅዎን አንድ ማስታወሻ በስልክዎ ይዘው ይሂዱና በታብሌቱ ላይ አስከፍተው ራስዎ ያንብቡት።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን «12 ጊጋ ራም» አይመኑት፤ ራም ማለት ታብሌቱ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ፈጣን ማስታወሻ ነው። ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ራም 4 ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ ቀሪው ከማከማቻው ተቀንሶ እንደ ራም የሚቆጠር ነው፤ ማከማቻው ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ፍጥነት አይጨምርም። «8 ኮር» የሚለውም፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች ብዛት፣ እንዲሁ ነው። ታብ ኤ7 ላይት ስምንት ኮሮች ቢኖሩትም ሁሉም ኃይል ቆጣቢዎቹና ዘገምተኞቹ ዓይነት ናቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ታብ ኤ9 ሁለት ጠንካራ ኮሮች ስላሉት ከባድ ፒዲኤፍ ሲከፍት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በጀትዎ እስከ ኤ9 ከደረሰ ስለ ፍጥነት መጨነቅዎን መተው ይችላሉ።

ስማቸው የማይታወቅ ታብሌቶች ላይ «512 ጊጋ» የሚል ቢያዩ መጠራጠር ይገባዎታል፤ ሲስተሙ ተነካክቶ የሌለውን መጠን እንዲያሳይ የሚደረግበት ሁኔታ አለ። እንዲህ ያለው ታብሌት ፊልምም ሆነ መጽሐፍ ሲጫንበት ይቀበላል፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ፋይሎቹ አልከፈት ይላሉ። 32 ጊጋ የሆነውን ከገዙ ከመጠኑ ጉልህ ድርሻውን ሲስተሙ እንደሚወስደው አስበው፣ ሚሞሪ ካርድ ይጨምሩ፤ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ይዝጉት። የእኛ ቤት ታብሌት የተጨናነቀው በመማሪያ መጻሕፍት ሳይሆን በክፍሉ ግሩፕ ቪዲዮዎች ነበር።

ከዚህ የከበደው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የሳይበር ደኅንነት ተመራማሪዎች ርካሽ የአንድሮይድ የቴሌቪዥን ሣጥኖችና አንድ ታብሌት ከሱቅ ሳይወጡ ቫይረስ ተጭኖባቸው እንደሚሸጡ አረጋግጠዋል። በፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «ስለ» በሚለው ክፍል መሣሪያው በጉግል የደኅንነት ማረጋገጫ፣ በፕሌይ ፕሮቴክት የተረጋገጠ መሆኑ ተጽፎ ካላገኙ አይግዙት፤ ገዝተው ከሆነም ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ አይጫኑበት።

ያገለገለ ሲገዙ፣ ስታዲየምም ይሁን ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ፣ ሻጩ ፊትዎ ላይ ሙሉ በሙሉ ሪሴት እንዲያደርገው፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲያስጀምረው ይጠይቁ፤ ከዚያም የስልክዎን ሆትስፖት ከፍተው ታብሌቱ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዲጀምር ያድርጉ። የቀድሞ ባለቤቱን የጉግል አካውንት ከጠየቀ፣ ወይም የአንድ ድርጅት አልያም ትምህርት ቤት ንብረት እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት ካመጣ፣ «ሠርቼ እሰጥዎታለሁ» ቢባሉም ትተውት ይሂዱ። ቻርጀር ሰክተው ገመዱን ታብሌቱ ላይ በተሰካበት በኩል ቀስ ብለው ያነቃንቁ፤ መሙላቱን ካቋረጠ የታብሌቱ ሶኬት ላልቷል ማለት ነው፤ ልጆች በነበሩበት ቤት ከምንም በፊት የሚበላሸውም እሱ ነው። ስክሪኑን ነጭ ምስል ላይ አድርገው ጠርዙ ላይ ጥላ ወይም ነጠብጣብ እንዳለ ይመልከቱ።

ዘመድ ከአሜሪካ የአማዞን ፋየር እልካለሁ ካለዎት፣ ፕሌይ ስቶር ይዞ እንደማይመጣና የባለ 7 ኢንቹ ስክሪን ከላይ የገለጽኩት ችግር እንዳለበት ይንገሩት። ሲም የሚቀበለውን ዓይነት ለማግኘት ብለው ግን ገንዘብ አይጨምሩ፤ የስልክዎ ሆትስፖት ይበቃል፣ ልጅዎ መቼ ኢንተርኔት እንደሚጠቀምም በእጅዎ ይሆናል።