በይሉኝታ ያልጠየቅሁት ሒሳብ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

የልስንና የቀለም ባለሙያ ነኝ። የአበልጄን ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ በጽሑፍ ውል በ840,000 ብር ሠርቼ፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በፊርማ አስረከብኩ። በውሉ መሠረት 5 በመቶው፣ ማለትም 42,000 ብር፣ በሪቴንሽን (ለሥራው መያዣ በሚቆይ ቀሪ ክፍያ) ተይዞ ርክክቡ አንድ ዓመት ሲሞላው ሊከፈለኝ ይገባ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ግን ለአበልጅ የክፍያ መጠየቂያ መጻፍ ከበደኝ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ራሱ «ከቀሪው ላይ» ብሎ 12,000 ብር በባንክ አስገባልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ እርሱ ክርስትና ያነሣውን ልጄን ልድር ስዘጋጅ የቀረውን 30,000 ብር ብጠይቀው፣ «ሥራው ካለቀ ዐሥር ዓመት ሞልቶታል፤ ደግሞስ መቼ ሒሳብ ልከህልኝ ታውቃለህ?» አለኝ። መብቴ ጠፍቷል?

ከባሕር ዳር

መልስ፦

አበልጅዎ ዐሥር ዓመት ያሉት ከሕግ ነው፤ የቆጠሩት ግን ከተሳሳተ ቀን ተነሥተው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 በውል ላይ ለተመሠረተ ጥያቄ፣ ሌላ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ፣ የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ በክስ መጠየቅን የሚያግድ የጊዜ ገደብ፣ ያስቀምጣል። ይርጋው መቆጠር የሚጀምረው ግን በቁጥር 1846 መሠረት ክፍያውን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ስለሆነ፣ ለእርስዎ መነሻው የርክክቡ ቀን ሳይሆን ሪቴንሽኑ የሚከፈልበት ሚያዝያ 2009 ነው።

መጠየቂያ አለመላክዎ በራሱ ዕዳውን አያጠፋውም፤ ይሁን እንጂ ይርጋውንም አያቆመውም። ብዙ ባለሙያዎች «ሒሳብ እስካልላክሁ ድረስ ጊዜው አይቆጠርም» ብለው የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ ደጋግሞ መጻፍም ብቻውን ቆጠራውን አያቋርጥም። ሕጉ የሚቀበለው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑን፣ ለምሳሌ በከፊል መክፈሉን፣ ወይም ባለገንዘቡ ክስ መመሥረቱን ነው (ቁጥር 1851)። ስለዚህ የ2012ቱ 12,000 ብር ከዚሁ ዕዳ የተከፈለ መሆኑን ካስረዱ፣ አዲስ ጊዜ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ይህ ካልተሳካልዎ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2019 ብቻ ነው ያለዎት፤ እኔ ብሆን እስከዚያ አልጠብቅም።

ቁጥር 1853 ባለገንዘቡ በዝምድና ወይም በበታችነት ምክንያት ሳይጠይቅ ቀርቶ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ የይርጋ መቃወሚያውን ላይቀበል እንደሚችል ይገልጻል። አበልጅነት በፍርድ ቤት ዝምድና ይባል እንደሆነ አከራካሪ ስለሚሆን፣ ተስፋዎን በእርሱ ላይ አይጣሉ። በተረፈ ይርጋን ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሣሽነት አያነሣውም፤ ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት፣ ሊያቀርበው ይገባል።

አሁን ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱንና የባንኩን ማስረጃ ያሰባስቡ። የባንኩ ወረቀት ገንዘቡ ለምን እንደገባ የማይገልጽ ከሆነ፣ «ከቀሪው ላይ» ሲሉ የሰማ ምስክር ይፈልጉ። ከሰርጉ በፊት በሽማግሌ መነጋገሩ መልካም ነው፤ ከተስማማችሁም ቀሪው 30,000 ብር መሆኑን አበልጅዎ በጽሑፍ አምነው ይፈርሙልዎ።