የጋራ ሂሳቡ ለቤት ወጪ ብቻ ቢሆንስ?

እህቴ፣ ከባለቤትዎ ጋር ደመወዛችሁን በሙሉ በአንድ የባንክ ሂሳብ ማስገባት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት የየግላችሁን ሂሳብ ሳትዘጉ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለአስቤዛ ብቻ የሚውል አንድ የጋራ ሂሳብ ብትከፍቱ ይበጃል። መዋጮውም እኩል ከሚሆን እንደየገቢያችሁ ቢሆን፣ ለምሳሌ እርስዎ 12,000፣ እሳቸው 18,000 ብር የሚያገኙ ከሆነ ለ15,000 ብር ወጪ 6,000 እና 9,000 ብታዋጡ፣ ሸክሙ ይመዛዘናል።

ሂሳቡን ስትከፍቱ ገንዘብ የሚወጣው በአንዳችሁ ፊርማ ይሁን ወይስ በሁለታችሁ፣ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ አዘዞ ስንኖር በጣምራ ፊርማ ከፍተን ነበርና፣ ባለቤቴ ለሥራ መተማ በሄደበት ሳምንት የጤፍ መግዣ አጥቼ ከጎረቤት ተበደርሁ፤ ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ መበደር ደግሞ እንዴት ያሳፍራል! ከዚያ ወዲህ በአንዳችን ፊርማ እንዲወጣ አድርገን፣ ደረሰኙን ሁሉ በአንዲት ሙዳይ እያጠራቀምን በወሩ መጨረሻ ከቡና በኋላ አብረን እናየዋለን።

አማትዎ የግል ሂሳብ መያዝን እንደ መደባበቅ ማየታቸውን ጠቅሰዋል። በቤተሰብ ሕጋችን ግን በጋብቻ ዘመን የተገኘ ደመወዝ በማንኛችሁም ስም ቢቀመጥ የጋራ ሀብት ነው።