ፎቶ ላንሳዎት?

ሩቅ ተራራማ ቦታ ሄደው የአካባቢውን ሰው ፎቶ ማንሳት ከሚወዱ አንባቢዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸውን አልችልም። ከሩቅ፣ በረጅም ሌንስ ሳያውቁኝ ባነሳቸው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። አንዴ ተደብቀው ሲያነሱ ከተያዙ መንደሩ በሙሉ ፊቱን ያዞርብዎታል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ የግድ አይደለም። መጀመሪያ ሰላም ይበሉ። ካሜራውን ሳይደቅኑ ዝቅ አድርገው ያሳዩና ይጠብቁ። ሰውየው ፊቱን ካዞረ አለቀ፤ አመስግነው ይለፉ። እሺ ካለ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ ብሎ ይቆማል። ችግር የለም፣ እሱንም ያንሱለትና ስክሪኑ ላይ ያሳዩት። ሲስቅ፣ ሸክሙን መልሶ ሲያነሳ፣ ያኔ ነው የሚፈልጉት ፎቶ የሚመጣው። ለዚህ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። መቅረብ ግድ ይልዎታል፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ ለፎቶ መቆም ሥራው የሆነ ሰው ከሆነ፣ ከማንሳትዎ በፊት ተነጋግረው ይክፈሉ። አንስቶ መከራከር ያሳፍራል። ለልጆች ግን አይስጡ፤ ከትምህርት ይልቅ መንገድ ዳር መቆም እንዲለምዱ ያደርጋል። ልጅ ሲያነሱ ወላጁን ያስፈቅዱ። ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፉም የመንደሩን ስም ይተዉት።

ጥያቄ፦ በረዶ ባለበት ሳነሳ ፊታቸው ይጨልምብኛል።

መልስ፦ ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይለካል። በረዶው ሲያበራበት ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊትም ይጨልማል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን የብርሃን መጠን፣ ከ+1 እስከ +2 ከፍ ያድርጉ። ቀትር ላይ ደግሞ ሰውየውን በሩ አፍ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ከባርኔጣው ሥር ያለውን ዓይን ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ ፎቶውን እልክላችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አድራሻ ግን የላቸውም።

መልስ፦ ሻርባት ጉላ የምትባለውን አፍጋናዊት ያስታውሷታል? እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ተነሳች። በቀጣዩ ዓመት የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፣ ዓለም አወቃት። ራሷ ፎቶውን ያየችው ግን በ2002 ነው። የእርስዎ ይሄን ያህል አይከብድም። ወደዚያ የሚመላለስ አስጎብኚ ወይም ሹፌር ካለ አሳጥበው በእጁ ይላኩ። ለሚቀጥለው ጉዞ እንደ ኢንስታክስ ያለ እዚያው የሚያትም ካሜራ ይያዙ። ምስሉ በ90 ሴኮንድ ገደማ ይወጣል። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ግን ቀለሙ ይበላሻል፤ ወረቀቱን ወዲያው የጃኬትዎ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይክተቱት። ፊልሙን ከመነሳትዎ በፊት ይግዙ፣ ተራራ ላይ ፈልገው አያገኙትም።