ወደ ሥልጠናው ባዶ እጅሽን አትሂጂ

ጠያቂያችን በሀዋሳ የሕክምና ማይክሮባዮሎጂ መምህርት ናት። አዲስ አበባ ለጀማሪ ተመራማሪዎች በተዘጋጀ የአምስት ቀን የግራንት (የምርምር ገንዘብ ድጋፍ) ማመልከቻ አጻጻፍ ሥልጠና ላይ ተጋብዛለች። «ልሂድ ወይስ ቤተሰቦቼ እንደሚሉት ደመወዙ የተሻለ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ልግባ? እንግሊዝኛዬም ያሳስበኛል» ትላለች።

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽው የምርምር ሐሳብ «በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታይ የደም ኢንፌክሽን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ይላል። በዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ርዕስ ጠረጴዛዬ ላይ ሲከመር ኖሯል። በሽታው ይቀየራል፣ ከተማው ይቀየራል፤ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ግን ንቅንቅ አይልም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል። ገንዘብ ሰጪ ግን መቶኛ ለማወቅ ብቻ ኪሱን አይፈታም።

የሚያስቆጨው ጥሩው ጥያቄ እዚያው ወረቀትሽ ላይ መኖሩ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ጥለሽው አልፈሻል። የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ሕፃኑ የሚወስደው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቅድሚያ የሚመክረው እነዚህኑ ነው። ከኢንፌክሽኑ መንስኤዎች አንዱ የሆነውን ክሌብሲዬላ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ አምፒሲሊን በተፈጥሮው አይነካውም፤ ጄንታማይሲንን የሚቋቋም ዝርያም በአፍሪካ ሆስፒታሎች በብዛት እየተገኘ ነው። ታዲያ ውጤቱ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ሊቀየርላቸው የሚገባው የትኞቹ ሕፃናት ናቸው? መልሱ ቢገኝ ሐኪሙ በማግስቱ የሚያዘው ይለወጣል። ማመልከቻሽ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ሥልጠና አልቃወምም። የምቃወመው አበል ተቀብሎ፣ ሰርተፍኬት ይዞ፣ አንድ መስመር ሳይጽፉ መመለስን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለምርምሩ ዝርዝር ዓላማዎች የሚፈቅዱት አንድ ገጽ ብቻ ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚነሣውም የሚወድቀውም በዚያች ገጽ ነው። ስለዚህ ገጿን አሁኑኑ ጻፊና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለሚሠራ፣ ፊት ለፊት ለሚከራከርሽ ሐኪም አስነብቢ። አዘጋጆቹንም ከአምስቱ ቀን በኋላ ረቂቄን የሚያነብልኝ አማካሪ ትመድባላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከመደቡ ሂጂ። ንግግር ብቻ ከሆነ ግን ተመራማሪዎችን በጽሑፍ ሥራ የሚያግዘው ኦተርኤድ (AuthorAID) በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጣቸውን ኮርሶች ሀዋሳ ተቀምጠሽ መከታተል ትችያለሽ።

አባትሽ የጀመሩት ቤት እንዲያልቅ አስመጪው ድርጅት እንድትገቢ ተፈልጓል። ታማሚ የሚታከምበት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር፤ ቤቱ ግን ሁለት ዓመት ቢዘገይ አይፈርስም። አንቺም ብትሆኚ «ግራንት ሳገኝ እጨርሰዋለሁ» ብለሽ ቃል አትግቢ። የምርምር ገንዘብ የሬጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) እና የናሙና ገንዘብ ነው፤ ማመልከቻ ገብቶ ገንዘቡ እስኪለቀቅም ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ፤ የላክሽው ጽሑፍ በእጄ ካለፉት ከብዙዎቹ የጠራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ላነሣሁት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ግራንት ብታመለክቺ፣ አመልካቹ አንቺ ሳትሆኚ ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ መንግሥት የመመዝገቢያ ሥርዓት ውስጥ ያለው ምዝገባም በየዓመቱ መታደስ አለበት። ጊዜው አልፎ ከሆነ ማደሱ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ሰኞ ጠዋት የምርምር ቢሮውን ጠይቂ።